የኩል ቀለህ

ሲያትል አጠገብ ባለችው ኦበርን ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ረጅም መጋዘን ነበረ። በዚያ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ በርሜል ይዞራል። የነዳጅ በርሜል እንዳይመስላችሁ። ትልቅ የወተት ጣሳ የሚያህል፣ ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ውስጡ በወፍራም ጎማ የተለበጠ የብረት በርሜል ነው። በሁለት ዘንጎች ላይ ያጋድሙትና ሞተሩን ሲያስነሡት ቀስ እያለ ይዞራል። ሥራው ቀለህ ማጽዳት ነው።

የአሜሪካ ተኳሽ ጥይቱን ተኩሶ ቀለሁን አይጥልም። ከመሬት ለቅሞ ቤቱ ይወስደዋል፤ በትርፍ ጊዜው ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ባሩድ ይሞላበታል፤ እርሳሱን አፉ ላይ ይተክልበትና እንደገና ይተኩሰዋል። አንዱን ቀለህ አምስትም ስድስትም ጊዜ። ከመሙላቱ በፊት ግን ጥላሸቱ መልቀቅ አለበት። ቀለሁን ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር በርሜሉ ውስጥ ጨምሮ አራት ሰዓት ያህል ሲያዞሩት፣ ጥቁር ሆኖ የገባው ናስ ወርቅ መስሎ ይወጣል።

መሳፍንት እነዚህን በርሜሎች መገጣጠም ከጀመረ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት ደብረ ሲና ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ወፍጮ ቤት የገባ፣ አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት እንደ ነገሩ የጨረሰ ልጅ ነውና እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፤ አማርኛውም ቢሆን ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። ጆሮው ግን ለጉድ ነው። ወፍጮ ባዶውን ሲዞርና እህል ሲበላ ድምፁ እንደሚለይ ያውቃል። የካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታው ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ያዳምጣል፤ «ይሄ ወር አይቆይም» ካለ፣ ያ ኩሽኔታ ወር አይቆይም።

የመጋዘኑ ባለቤት ዋልት የሚባል ነጭ ሽማግሌ ይህን ጆሮውን ይወድለታል። ዋልት የሚኮራበት ነገር አንድ ነው፤ ዕቃው አይሰበርም። «ሌሎች የሚሸጡት የፕላስቲክ ማጽጃ በዓመቱ ይሰነጠቃል፤ የእኔ በርሜል ግን ከገዢው በላይ ይኖራል» ይላል። ለዚህም ሲል ማንኛውም አዲስ በርሜል ከመሸጡ በፊት፣ ሆዱ ቀለህና ቆረቆንዳ ተሞልቶ፣ ሳያቋርጥ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት እንዲዞር ሕግ አውጥቷል። የሰባቱን ቀን ጉዞ የሚያዳምጠው መሳፍንት ነው።

ይህ የመሳፍንት የቀን ሥራው ነበር። የልቡ ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። መንገድ ላይ ነበረ።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ የሠፈር ሰው አሉ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀልደኛ፣ ኦበርን አንድ ዕቃ ማከፋፈያ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዱ። በየጠዋቱ ከሲያትል ሬኒየር ሠፈር ሁለት ሰው በአሮጌ ቶዮታቸው ጭነው ይሄዳሉ። አንዱ መሳፍንት ነው። ሁለተኛዋ ከእሳቸው ጋር እዚያው ማከፋፈያ ውስጥ ዕቃ የምታሽግ፣ ሠርካለም የምትባል ልጅ ናት። እሷ ከፊት፣ መሳፍንት ከኋላ።

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ አንዳንድ ቀን የዕቃ ባቡር ይይዛቸዋል። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ አግዳሚው ይወርዳል፤ ሁሉም ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። መኪናው ሁሉ ሲያማርር ሠርካለም ግን ደስ ይላታል፤ ከግንባሯ በላይ ያለችውን የፀሐይ መከላከያ አውርዳ፣ እዚያ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ መስታወት ትኳላለች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ ባቡር ይያዘን በሉ።»

«ሰው ሁሉ አይያዘኝ ይላል፣ አንቺ ይያዘኝ። ቤትሽ መስታወት የለም?»

«መስታወቱ ፊት እነ ማንአልሞሽ ተሰልፈዋል እኮ ጋሼ። አራት ሴት በአንድ ባኞ ቤት!»

«አይ እንግዲህ፣ ለአንቺ ዓይን ብሎ ባቡሩ ይቁም።»

ኩሉን የምትይዝበት ዕቃ የምንሽር ቀለህ ነው። ያረጀ፣ የጠቆረ፣ ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት የያዘ። በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል፤ መኳያው ከውታፉ ጋር አንድ ወጥ ነው። ውታፉን ትነቅላለች፤ መኳያውን አንዴ እፍ ትለዋለች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ ሳብ ታደርገዋለች። ከዚያ ዓይኗን ስትከፍት፣ በዚያች በመዳፍ በምትሸፈን መስታወት ውስጥ፣ ሁለት ዓይኖች ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ይታያሉ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። መሳፍንት በዚያች አፍታ ራሱን አቀርቅሮ ጣቶቹን ያያል።

ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። የአንገቷን ማጅራት፣ የሹሩባዋን መስመር፣ የረጠበ ጃንጥላዋን ሽታ በቃሉ ያውቃል። ስለ እሷ የሚያውቀው ሁሉ ከኋላ የሚታየውን ነው። ፉርጎ ይቆጥራል፤ ከሰባ በታች የሆነ ባቡር ቅር ያሰኘዋል። ባቡር በሌለበት ቀን ሐዲዱን ሲሻገሩ አንድ ነገር የተነጠቀ ይመስለዋል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ሁሉ የሚናፍቀው ዕረፍት ነው፤ እሱ ሰኞን ይናፍቃል። «እንደምን አደርሽ» ይላታል ጠዋት፤ «ደህና ዋይ» ይላታል ሲወርድ። በመኻል ሊላት የሚፈልገው ነገር እየበዛ፣ እየከበደ ሄዶ፣ ጭራሽ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶታል።

በጥቅምት ወር፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሠርካለም መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እኔን እንዳይጠብቁ። ኤቨረት ልገባ ነው። የእኅቴ ባል ጥሩ ሥራ አግኝቶልኛል፤ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ ስፌት። ሶ ቅዳሜ ሙቭ አደርጋለሁ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! አየህ መሳፍንት፣ ልጅቷ አመለጠችን።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ መሳፍንት። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ኤቨረት ከሲያትል ወደ ሰሜን ነው፤ ኦበርን ወደ ደቡብ። መኪና ላለው ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መኪናም አፍም ለሌለው ሰው ግን ባሕር ማዶ ማለት ነው። መሳፍንት በጣቱ ቆጠረ፤ ሰኞን ጨምሮ አምስት ጠዋት።

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ባቡር ያዛቸው። ሠርካለም መስታወቷን አወረደች፤ ቀለሁን አወጣች፤ ውታፉን ብትስበው እምቢ አላት። ብታዞረው እምቢ አላት። በጣም ስትስበው ጭንቅላቱ ተሰብሮ በእጇ ቀረ።

«ወይኔ!»

«ዝናቡ ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። «እንጨቱ ጠጥቶ አብጧል። ምን ትደነግጫለሽ? የቀለህ ሐኪም ይዘሽ እየሄድሽ።»

ሠርካለም ወደ ኋላ ዞረች። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ስታዞር ምናልባት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«እውነት ትከፍትልኛለህ መሳፍንት? የእናቴ ነው፣ እንዳይጠፋብህ። ክፈትልኝ ብቻ።»

ቀለሁንና የተሰበረውን የውታፍ ጭንቅላት መዳፉ ላይ አኖረችለት። ቀለሁ ከእጇ ሙቀት ይዞ ነበር። መሳፍንት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ያን ቀን መጋዘኑ እስኪገባ ድረስ ሌላ ነገር አላሰበም።

የተሰበረውን ማውጣት ሥራ አልሆነበትም። ቀለሁን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞርሳ ላይ በቀስታ አሰረ፤ ቀጭን ብሎን እንጨቱ ውስጥ አስገብቶ በፒንሳ ሲስበው መኳያው እንዳለ ወጣ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ታሪክም ባልኖረ ነበር።

ግን ቀለሁን በብርሃን አየው። ጥቁር፣ የተጨማለቀ፣ አፉ የዛገ። መሳፍንት በዚያ መጋዘን ውስጥ በእጁ ያለፈ ቀለህ ሁሉ ጥቁር ገብቶ ወርቅ ሆኖ ነው የወጣው። የሌላውን ሰው ሁሉ አብርቶ የእሷን እንዲህ እንደ ጠቆረ ይመልስላት? በአፉ ሊላት ያልቻለውን ነገር ቢያንስ ይህ ይበልላት እንጂ። ደግሞ ሲወለወል ምን እንደሚመስል፣ እሷም መስታወቷን አውርዳ ስታየው፣ «ይሄን መሳፍንት ነው ያደረገልኝ» ስትል ታየው። ማንንም አልጠየቀም። ጥያቄ ንግግር ይፈልጋል።

አዲስ ቆረቆንዳ ቀዳ። ብቻውን ከበርሜሉ ጋር እንዳይጋጭ ሌሎች አርባ ያህል ቀለሆች ጨመረለት። ከምሳ በፊት አስነሥቶ እስከ ሥራ መውጫ ሲያዞረው ዋለ። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ ሲያዳምጥ፣ ከአርባዎቹ መኻል የእሷን ድምፅ የለየ ይመስለው ነበር።

ሲወጣ እውነትም ወርቅ ነበር። ውስጡ ሳይቀር አንጸባርቋል። ከአሮጌ መጥረጊያ እጀታ አዲስ ውታፍ ከነመኳያው ጠርቦ አለሰለሰለት፤ የተሰበረውን ከእንጨት ፍቅፋቂው ጋር ጠርጎ ጣለው።

ማክሰኞ ጠዋት በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ከኋላ አቀበላት።

«ውይ! ይሄ የኔ ነው? ጋሼ፣ እዩት!» አለች። ሳቀች። መሳፍንት ያችን ሳቅ እስከ ዛሬ ያስታውሳታል፤ አጭር ነበረች። ውታፉን ነቀለች። መኳያው ነጭ እንጨት ሆኖ ወጣ። ቀለሁን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ምንም አልወረደም።

«ውስጡስ?»

«ጸዳ» አለ መሳፍንት፣ በኩራት።

ሠርካለም ባዶውን ቀለህ ወደ ብርሃኑ አነሣችው።

«ማን አጽዳልኝ አለህ? ክፈትልኝ ነው እኮ ያልኩህ። ክፈትልኝ ብቻ!»

«ምነው ሠርኬ» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ፣ «ኩል ይገዛል። ቼሪ ጎዳና የሐበሻ ሱቁ ሞልቶ።»

«እማ የወቀጠችው ነው ጋሼ። ከሥሩ ያለው። እኔ የገዛሁትን እላዩ ላይ እጨምርበታለሁ እንጂ ጨርሼው አላውቅም። ሁሌ ትንሽ አስቀርቼ... እንደ እርሾ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ፣ አንድ ቀን ባዶ አድርጌው አላውቅም።» ወደ ኋላ ሳትዞር ጠየቀች፦ «አሮጌው ውታፍስ?»

መሳፍንት ጠዋት በማለዳ ቆሻሻ የሚወስደው መኪና የመጋዘኑን ጥራጊ ጭኖ እንደሚሄድ ያውቃል።

«በጥርሷ ነበር የምትነቅለው» አለች ሠርካለም። «ጥርሷ ያረፈበት ነበር።»

ሐዲዱ ጋ ያን ቀን የመጣው ባቡር መሳፍንት ቆጥሮት የማያውቀው ዓይነት ነበር፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ፉርጎ። መስታወቷ አልወረደችም። ሠርካለም ፉርጎዎቹን እያየች ተቀመጠች። እሱም ከኋላ ሆኖ ማጅራቷን እያየ፣ ባቡሩ ቶሎ እንዲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ።

ረቡዕ ባዶ ዓይኗን መጣች። «እንደምን አደርሽ» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ ከዚያ በላይ የለም። ጋሽ ወልደ ሥላሴ እንኳ ቀልድ አልመጣላቸውም። መጋዘኑ በር ላይ ሲያወርዱት በመስኮቱ ጠርተው፣ «አንተ ልጅ፣ ቸርነትህ አልጠፋኝም» አሉት፤ «ግን አንድ ቃል ብትጠይቃት ምን ነበረበት?»

መሳፍንት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በርሜሎቹ ይዞራሉ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው።

ወፍጮ ቤት ሲያድግ መጀመሪያ የተማረው የአንዱን ዱቄት ከሌላው ዱቄት አለማደባለቅን ነው። ሰው እህሉን ያውቃል፤ የጎረቤቱ ዱቄት ከተቀላቀለበት ይጣላል። ያ ልማድ እዚህም አልለቀቀውም። ሌላው ሠራተኛ የተጠቀመበትን ቆረቆንዳ ከትልቁ ማጠራቀሚያ ሲመልስ፣ መሳፍንት ግን የእያንዳንዱን ዙር በየጣሳው ለይቶ፣ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጣል። ዋልት ይስቅበታል። መደርደሪያው ላይ የሰኞው ጣሳ እንዳለ ነበር። ሲከፍተው ቆረቆንዳው ጠቁሯል።

በምሳ ሰዓት የቀለም ማጥለያ ወንፊት አምጥቶ መንፋት ጀመረ። በቀስታ፣ እንደ ጤፍ። ሻካራው ከላይ ቀረ፤ ደቃቁ ወረቀቱ ላይ ወረደ። ደግሞ ነፋው። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር ዱቄት ቀረለት፤ በጣቱ ቢነካው ልክ እንደ ኩል ይለሰልሳል። የሠርካለም እናት የወቀጠችው እዚያ ውስጥ አለ። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠውና እየተጣደፈ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከመታጠቢያው በላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። መሳፍንት ሥራ በጀመረ ሰሞን መዝገበ ቃላት ይዞ ቃል በቃል የፈታው የመጀመሪያ እንግሊዝኛ ስለ ነበረ በቃሉ ይወጣዋል። «የእርሳስ ብናኝ አለ። ሳትታጠብ አትብላ። አታጭስ። ዓይንህን አትንካ።»

ውኃው ጣቶቹ ላይ ጥቁር ሆኖ እየፈሰሰ ቆመ።

ከእሷ ቀለህ ጋር የዞሩት አርባዎቹ የተተኮሱ ነበሩ። የእነሱ ጥላሸት፣ የእነሱ እርሳስ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ማን ይለየዋል? ማንም አይለየውም። ቢሰጣት አታውቅም። «አገኘሁልሽ» ቢላት ያቺ አጭር ሳቅ ትመለሳለች፤ ሐሙስና ዓርብ መስታወቷ ትወርዳለች፤ ደግ ሰው ነበር ብላ ትሄዳለች። ከዚያ በየጠዋቱ ያን ነገር ዓይኗ ውስጥ ትስበዋለች። ዓመት ከሁለት ወር ቀና ብሎ ማየት ያልደፈራቸው እነዚያ ዓይኖች!

ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቆ ኪሱ ከተተ። ጥሩ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጣ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሠርካለም።»

ስሟን ሲጠራ ሰምታው አታውቅም። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሬዲዮኑን ቀነስ አደረጉ።

«ያጠፋሁት ጥፋት ነው። ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግኩት። እንዲያምርልሽ ብዬ ነበር... አላወቅኩም። አላወቅኩም ብል ግን ጥፋቴ አይቀንስም። ውታፉ ጠፍቷል፤ እሱን አላመጣውም። ኩሉ ግን አልጠፋም። ከታጠበበት ቆረቆንዳ ነፍቼ አግኝቼዋለሁ። ይኸው። ግን ዓይንሽ ውስጥ አይገባም። እርሳስ ተቀላቅሎበታል፣ መርዝ ነው። ዝም ብዬ ልሰጥሽ አስቤ ነበር። ዋሽቼ። ከዚያ አልቻልኩም።»

ከኋላ ሆኖ ማጅራቷን ነው የሚያየው።

«ታዲያ ለዓይን ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?» አለች በመጨረሻ።

«አንድ ነገር አስቤያለሁ። ቀለሁ ሥር ላስቀምጠውና፣ እላዩ ላይ ሰም አፍስሼ ልዝጋው። ወፍራም ሰም። ከዚያ አይወጣም፣ አይነካሽም። አንቺ የምትገዢውን ከሰሙ በላይ ትሞይበታለሽ። የእሷ ከሥር፣ የአንቺ ከላይ፤ እንደ ድሮው። ግን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እምቢ ካልሽ አልነካውም።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። «ይሄን ሁሉ ቃል የት አጠራቅመኸው ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሐዲዱ ጋ ደረሱ፤ ባቡር አልነበረም፤ ተሻገሩ። መሳፍንት የመኪናውን በር ከፍቶ ሊወርድ ሲል አንድ እጅ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተዘረጋ። ቀለሁ መዳፏ ላይ ነበረ።

«በርሜል ውስጥ ግን አትክተተው።»

«አልከተውም።»

«ማል እስቲ።»

«ሚካኤልን!»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ጎንበስ ብለው የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈቱና፣ ለቤተ ክርስቲያን ከሚይዙት እስር አንድ ጧፍ መዝዘው ሰጡት። «እንካ። ንጹሕ የንብ ሰም ነው። የሱቅ ሻማ አታፍስበት።»

በምሳ ሰዓት ዱቄቱን ቀለሁ ውስጥ ጨምሮ በዘንግ ጠቀጠቀው። ጧፉን ማንኪያ ላይ አቅልጦ ጠብ ጠብ አደረገበት። እስኪረጋ ጠበቀ፤ ደግሞ ጨመረ። የጣት ውፍረት ሲሞላ ከላይ ያለውን ባዶ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ወለወለው፤ መኳያውንም ከነውታፉ በሳሙና አጠበው። ዋልት መጥቶ ከትከሻው በላይ ሲያይ ቆየ። ቀለሁን ተቀብሎ ቂጡ ላይ የታተመውን ዓመት በመነጽሩ አነበበ፤ ከራሱ ከዋልት አባት ዕድሜ የሚበልጥ ነበር። መሳፍንት የተሠራለትን ሥራ በእጅ ምልክት ጭምር ሲያስረዳው ራሱን ነቀነቀና፣ «ይሄስ ከእኔ በርሜልም ይበልጣል» ብሎ መለሰለት።

ዓርብ ዝናብ ነበረ። የመጨረሻው ጠዋት ነው። ሠርካለም ቀለሁን ተቀብላ ወደ ውስጡ አየች፤ ሰሙን በመኳያው ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ከቦርሳዋ የገዛችውን ኩል አውጥታ በጥንቃቄ ሞላችበት፤ ውታፉን ደፈነች። እስከ ኦበርን ድረስ ቀለሁን በሁለት እጇ ይዛው ተቀመጠች። መሳፍንት ከኋላ ሆኖ ባቡር እንዲመጣ ለመነ። ረጅም ባቡር። ሁለት መቶ ፉርጎ።

ሐዲዱ ባዶ ነበረ። አግዳሚው ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ግራም ቀኝም አንድም ነገር የለም።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከሐዲዱ በፊት መኪናቸውን አቆሙ።

«ጋሼ፣ ባቡር የለም እኮ።»

«ይመጣ ይሆናል።»

«ክፍት ነው! ይለፉ እንጂ!»

«እኔ ባቡር አልዳፈርም። አንቺ ተኳይ።»

ከኋላ አንዱ ጡሩንባ ነፋ። ሌላው ተከተለው። ሠርካለም መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ቀጥሎ ባዶውን ሐዲድ አየች፤ ከዚያ እጇን ሰዳ መስታወቷን አወረደች። ቀለሁን አነሣች። ውታፉ አዲስ ስለ ነበረ ጠበቅ ብሏል። አፏ ውስጥ አስገብታ በጥርሷ ነክሳ ነቀለችው።

መኳያውን እፍ አለችው። ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ሳበች። ሁለተኛውንም። ዓይኖቿን ስትከፍት በመስታወቷ ውስጥ ከኋላ ያለውን ሰው አየችው። በዚህ ጊዜ መሳፍንት ጣቶቹን አላየም።

«ኤቨረት... አውቶቡስ ይሄዳል?» አለ።

«ይሄዳል። ኖርዝጌት ላይ ትቀይራለህ። በጣም ይርቃል ግን። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እሑድ እሑድማ ይብሳል።»

«እኔ ሰባት ቀን የሚዞር በርሜል ሳዳምጥ ነው የምውለው።»

ያቺ አጭር ሳቅ መጣች። ከኋላ ጡሩንባው አምስት ስድስት ሆኗል።

«ይሄን እሑድ ዕቃ አራግፈን አንጨርስም» አለች፣ መስታወቷን ሳትመልስ። «የሚቀጥለውን ና። ከቅዳሴ በኋላ እቤት ነኝ። ከመምጣትህ በፊት ኮል አድርግ፤ ቁጥሩን ጋሼ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። «አሁንስ ባቡሩ አልፏል መሰለኝ።» ማርሹን አስገቡ።

ሰኞ ጠዋት የፊት ወንበር ባዶ ነበር። ጋሽ ወልደ ሥላሴ በሩን ከፍተው «ና ፊት ተቀመጥ» አሉት። መሳፍንት «እዚህ ይሻለኛል ጋሼ» ብሎ ከኋላ ገባ። ሐዲዱ ጋ ባቡር ያዛቸው። ማንም አላማረረም፤ ማንም ደስ አላለውም። የፀሐይ መከላከያዋ ወደ ላይ እንደ ታጠፈች ነበረች። መሳፍንት ከልማዱ የተነሣ ፉርጎ ቆጠረ፤ ሰማንያ አራት። በዓይኑ ያቺን የታጠፈች ነገር ሲያያት ቆየ።

መጋዘኑ ደርሶ አዲስ በርሜል ዘንጉ ላይ አጋደመ። ቀለህና ቆረቆንዳ ሞላው፤ ክዳኑን አጠበቀ፤ ሆዱ ላይ በጠመኔ «ሰኞ» ብሎ ጻፈና አስነሣው። ካቻቢቴውን ኩሽኔታው ላይ አሳርፎ ጆሮውን አስጠጋ። ጥሩ ይዞራል። እሑድ እሱ ኖርዝጌት ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይህ በርሜል ገና እየዞረ ይሆናል።

ገና የመጀመሪያው ሰዓት ነው። መሳፍንት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና አዳመጠ።